የተሞላ የሽጉጥ ጥይት በግማሽ ዋጋ ተገኘ፤ ደህና መሆኑ በምን ይታወቃል?

የጦሳ ሥር (ደሴ) — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ የእህል ነጋዴ ነው። ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ አለው። ለመጋዘን ጥበቃ ብሎ ያወጣው ነው፤ ተኩሶበት አያውቅም ማለት ይቻላል። ችግሩ ጥይቱ ነው። የቀሩት አምስት ፍሬ ናቸው፤ እነሱም ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልለው የኖሩ። የደሴን ጉምና ርጥበት ታውቁታላችሁ። አረንጓዴ ነገር አብቅለዋል።

ትናንት ባቲ ገበያ ወርዶ ነበር። እዚያ አንድ ሰው አሥራ ሁለት ፍሬ ሸጠለት፣ በግማሽ ዋጋ። «ተሞልቶ የተመለሰ ነው፣ ከአዲሱ በምንም አይለይም» አለው። ጨምሮም «ስትጨርስ ባዶውን ቀለህ መልስልኝ፣ እሞላልሃለሁ። ባሩዱንና ማቀጣጠያ ካፕሱሉን ራስህ ካመጣህ ደግሞ የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የምቀበልህ» ብሎታል። አባቴ ደስ ብሎት ነው የመጣው።

እኔ ግን ማታ የቡና ትሪ ላይ ደርድሬ አምፖል ሥር ሳያቸው አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ገሚሱ ቢጫ ነው፣ ገሚሱ ቡናማ ቀለም የተቀባ ብረት። ቁመታቸው ራሱ እኩል አይመስለኝም።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። እነዚህ ደህና መሆናቸው በምን ይታወቃል? ሰውዬው እንዳለው ይሞላልን ብንል ደግሞ ምን ዓይነት ባሩድ፣ ምን ዓይነት ካፕሱል ነው የሚመረጠው? የምታውቁ ንገሩኝ። አባቴ ሐሙስ «አንድ ሁለት እንሞክራት» እያለ ነው።

ሀረጎ ቁልቁለት — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

ወንድሜ፣ ፍሬኑ በሠፈር ልጅ የተሠራ ሚኒባስ በግማሽ ዋጋ ቢሰጡህ ሀረጎን ትወርድበታለህ? እኔ በዚያ መንገድ አሥራ አራት ዓመት ነድቻለሁ። አልወርድበትም።

አወያይ — ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ውይይቱን አልዘጋውም፣ ጥያቄው የደኅንነት ስለሆነ። ግን ሁለት ነገር ከወዲሁ። የባሩድ ልክ እዚህ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉ ይነሳል፤ በግራምም ይሁን በሌላ መለኪያ። «እኔ ጋ አለ፣ በውስጥ አውራኝ» የሚልም ይወጣል። ሌላው ሕጉ ነው። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረትንም መነገድንም ከልክሏል። ቤት ውስጥ ቀለህ መሙላትም ማምረት ነው። የአባትህ ፈቃድ መያዣ እንጂ መሥሪያ አይደለም።

ሰኞ ገበያ ዴንቨር — ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

የሰኞ ገበያ ልጅ ነኝ፣ ኑሮዬ ኮሎራዶ። እዚህ ለራስ መጠቀሚያ ጥይት መሙላት የተፈቀደ ነው፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን እዚህም የፌዴራል ፈቃድ ይጠየቃል። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ ጋራዤ ውስጥ ጠረጴዛ አለኝ። ስለዚህ የማውቀውን ልበል። ሙላ ለማለት አይደለም። እዚያ ሆኖ ለምን እንደማይቻል እንዲገባችሁ ነው።

ጥይት አራት ነገር ነው። ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድ፣ አረር (የሚወረወረው)። አራቱም አንድ ላይ የሚስማሙ መሆን አለባቸው። ለየብቻቸው ጥሩ መሆናቸው አይበቃም።

ቀለህ። የሚሞላው የነሐሱ ነው። በውስጡ ወደ ታች ብታይ መሐል ላይ አንድ ቀዳዳ ካለው አሮጌው ካፕሱል በቀላሉ ተገፍቶ ይወጣል። ቦክሰር ይሉታል። የድሮ የሶቭየት ጥይት ግን አብዛኛው በርዳን የሚባለው ነው፤ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው፣ ካፕሱሉ የሚደገፍበት ጉብታ ደግሞ የቀለሁ የራሱ አካል ነው። እሱን ለማውጣት መፈልፈል ያስፈልጋል። ብረቱ ቀለህማ ጭራሽ አይሞላም፤ እንደ ነሐስ ተለጥጦ አይመለስም። ነሐሱም ቢሆን ዕድሜ አለው። በተተኮሰ ቁጥር እየደረቀ ይሄድና አፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል።

ካፕሱል። መርፌው የሚመታት ክብ ነገር ናት። ከአራቱ የምፈራው እሷን ነው። ባሩድ ሜዳ ላይ ቢለኮስ ይነድዳል፤ ካፕሱል ግን ይፈነዳል። አንዷ ከፈነዳች ጎረቤቶቿን ታስከትላለች። ለዚህ ነው ፋብሪካው እያንዳንዷን ለየብቻ በተከፋፈለ ትሪ አድርጎ የሚያሽገው። ጠርሙስ ውስጥ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ሰው ካያችሁ ቤቱን ለቅቃችሁ ውጡ። የሽጉጥ አለ፣ የጠመንጃ አለ። ትልቅ አለ፣ ትንሽ አለ። አንዱ ባንዱ ቦታ አይገባም፤ ቢገባም ግፊቱ ይለወጣል።

ባሩድ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ባሩድ በመልኩ አይታወቅም። ጥቁር ግራጫ ፍሬ ነው፣ ሁሉም ይመሳሰላል። ልዩነቱ የሚነድድበት ፍጥነት ነው። የሽጉጥ ባሩድ ባብዛኛው ፈጣን ነው፣ የጠመንጃው ዘገም ያለ። ፈጣኑን በጠመንጃው ልክ የሞላ ሰው መሣሪያውን እጁ ላይ ያፈነዳዋል። ዘገምተኛውን ሽጉጥ ውስጥ ያደረገ ደግሞ አረሩ አፈሙዙ መሐል ላይ ሊቀርበት ይችላል። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነው፤ ከፋብሪካው እሽግ ከነስሙ ያልወጣ ባሩድ ባሩድ አይደለም፣ ቆሻሻ ነው። ከሌላ ጥይት ፈትቶ ማውጣት የለም። ሁለት ቀላቅሎ መሙላት የለም። ጠረጴዛዬ ላይ ሁልጊዜ አንድ ጣሳ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ልኩን የሚነግረኝ የአምራቹ መጽሐፍ ነው፤ ላይማን ወይም ሆርናዲ። እሱም «ከዝቅተኛው ጀምር» ነው የሚለኝ። ከጓደኛ የሰማሁትን ልክ አንድም ቀን ሞልቼ አላውቅም።

አረር። ክብደቱና ውፍረቱ ነው ዋናው። እዚህ ላይ ለማካሮቭ አንድ ወጥመድ አለ። «ዘጠኝ ሚሊ» ሲባል ሰው ሁሉ አንድ ይመስለዋል። የማካሮቩ 9×18 አረር ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው። በዓለም የተለመደው 9×19 ፓራቤለም ግን 9.01 አካባቢ ነው። ሩብ ሚሊ! ትንሽ ትመስላለች፣ አይደለችም።

የባቲው ሰውዬ ከእነዚህ ከአራቱ የትኛውን ያውቃል? እስቲ ጠይቁት።

ውጅግራ — ማክሰኞ፣ ማታ 4፡48

እናንተ ደግሞ ታካብዳላችሁ። አያቶቻችን ቀለህ እየለቀሙ፣ ባሩድ እየወቀጡ፣ እርሳስ እያቀለጡ አይደል እንዴ ጣሊያንን የመለሱት? ጥይት እኮ በዚህ አገር ገንዘብ ነበር፤ ገበያ ላይ እንደ ዝርዝር ብር ይሰጥ ነበር። ያኔ ላይማን የሚባል መጽሐፍ ማን ነበረው? አሁን አንድ ቀለህ መሙላት የሮኬት ሥራ ሆነና አረፈው።

የጦሳ ሥር — ማክሰኞ፣ ማታ 5፡02

አባቴም ልክ እንዲህ ነው ያለኝ። ቃል በቃል።

አሥር አለቃ ጡረታ (ኮምቦልቻ) — ረቡዕ፣ ጧት 12፡50

እንዴት አደራችሁ ልጆች። ጦር ሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። በዚህ እጄ ተተርትረው የመጡ አፈሙዞችን አገላብጬ አይቻለሁ። ዓይኔ ደክሟል፣ አጻጻፌን ይቅር በሉኝ።

መጀመሪያ ለውጅግራ። ስምህን ወድጄዋለሁ። ግን ስምህ ራሱ ይመልስልሃል። ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ጠመንጃ ነው፣ የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ 11 ሚሊ። ስናድር የሚባለው ጠመንጃ ደግሞ እንግሊዝ በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ይዞት የመጣው፣ ከዚህ ከእኛው ከወሎ ተራራ ላይ የተተኮሰው ነው። ሁለቱም የጥቁር ባሩድ መሣሪያ ናቸው። ጥቁር ባሩድ ጭሱ ብዙ፣ ግፊቱ ትንሽ ነው። ቀለሁን እስከ አፉ ብትሞላው ያው የታሰበለት ልክ ነው፤ ሌላ ቦታ የለውም። ስለዚህ አያትህ በዓይኑ ለክቶ ቢሞላ አልተሳሳተም። መሣሪያው ለዚያ ነው የተሠራው።

ጭስ አልባው ባሩድ የመጣው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቪዬይ በሚባል ፈረንሳዊ። በሁለት ዓመቱ ለበን የሚባለው ጠመንጃ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። አዲሱ ባሩድ ለዚያው ኃይል በጣም ትንሽ ይበቃዋል። የሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ግማሹን እንኳ የማይሞላ አለ። ታዲያ ሞዪው ስልክ ቢደወልለት፣ ልጅ ቢጠራው፣ ያችኑ ቀለህ ደግሞ ቢሞላት ምን ይሆናል? ትችላለች። ሁለት ልክ ትውጣለች። አረሩን ሲጭንባት ከላይ ምንም አይታይም። እንደ ጓደኞቿ ሆና ካዝና ውስጥ ትገባለች። አያትህ እንዲህ ያለች ተንኮለኛ ባሩድ አልገጠመችውም።

አሁን ለጦሳ ሥር። ልጄ፣ ማካሮቭን ከሌላው ሽጉጥ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ሲተኮስ አፈሙዙና የላይኛው ሽፋን እርስ በርስ የሚቆላለፉበት ነገር የለም። ቀለሁን ወደ ኋላ እንዳይፈናጠር የሚይዘው የሽፋኑ ክብደትና ምላሽ ሞላው ብቻ ነው። ለተሠራለት ጥይት ይህ ይበቃዋል፤ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራዊት ይዞት ኖሯል። ጥይቱ ከልኩ ሲያልፍ ግን ሽፋኑ ቀድሞ ይከፈታል። ቀለሁ ገና ግፊት እንደያዘ ነው ግማሹ የሚወጣው። ያኔ ነሐሱ ከሥሩ ይቀደድና ትኩሱ ወደ ካዝናው፣ ወደ መዳፍህ ይወርዳል። አንድ ልጅ አውቃለሁ። አውራ ጣቱ ዛሬም አይታጠፍለትም።

ሌላው ተቃራኒው ነው። ትንሽ ባሩድ ያለባት። ምላጩን ስትስባት «ጢስ» ትላለች፤ ድምፅዋ የታፈነ ሳል ነው። ሰው ይስቅና «ከሸፈች» ብሎ እንደገና ያቀባብላል። አረሩ ግን አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሯል። ቀጣይዋ ከኋላው ስትመጣ አፈሙዙ እንደ እባብ ሆድ ይነፋል፣ ወይም ይፈነዳል። ድምፅዋ ያላማረችህ ጥይት ካለች እዚያው ቁም። ካዝናውን አውጣ፣ አፉን ከሰው አዙር፣ ወደ ሚያውቅ ሰው ውሰደው።

«እንሞክራት» የሚለውን ነገር ለአባትህ ተወው በለው። ጥይት በመሞከር አይታወቅም። አሥራ አንዷ ደህና ብትሆን ስለ አሥራ ሁለተኛዋ የምትነግርህ የለም።

ሀረጎ ቁልቁለት — ረቡዕ፣ ጧት 1፡20

አሥር አለቃ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ቡናዬ ቀዘቀዘ እያነበብኩ።

ወርቅ ሠሪው ፒያሳ — ረቡዕ፣ ጧት 3፡10

አንድ ነገር ልጨምር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰው ሱቄ መጥቶ «ሚዛንህን ለአንድ ሰዓት አከራየኝ» አለኝ። ወርቅ መሰለኝ። ኋላ ሲያወራ ባሩድ ሊመዝን ነው። ከስልክ ላይ ያነበበው ልክ በግሬን ነበር፤ የእኔ ሚዛን በግራም ነው። እሱ ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። አንድ ግራም ከአሥራ አምስት ግሬን በላይ ነው! ሚዛኑን አላከራየሁትም። ተቀየመኝ። ዛሬም ሲያልፍ ሰላም አይለኝም።

ሰኞ ገበያ ዴንቨር — ረቡዕ፣ ጧት 3፡40

ይኸው። እኔ ሚዛኔን እንኳ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ክብደቱ በታወቀ መፈተሻ ነው የማየው። ከዚያ ሃምሳ ቀለህ ሞልቼ እንጨት ትሪ ላይ እደረድርና፣ አረር ሳልጭንባቸው በባትሪ ወደ ውስጥ አያቸዋለሁ። አንዱ ከጎረቤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ሁሉንም እደፋለሁ። ሁሉንም። ሚስቴ «ይህን ያህል ከምትሠቃይ ግዛው» ትለኛለች። ልክ ናት መሰለኝ።

ቶርኖ ኮምቦልቻ — ረቡዕ፣ ቀን 6፡25

የጦሳ ሥር፣ ሥራዬ ቶርኖ ነው። እዚህ እኔ ጋም ቀለህ ይዘው የሚመጡ አሉ፤ «አሳጥርልኝ፣ አፉን አስፋልኝ» እያሉ። እምቢ ነው መልሴ።

ልካቸውን ማወቅ ከፈለግህ ካሊፐር እልክልሃለሁ። የፕላስቲክ ነው፣ ብረቱን ሳይሆን። በኮምቦልቻ–ደሴ ሚኒባስ ለሾፌር እሰጥልሃለሁ። ጥይቱን ግን ወደ ቶርኖ ቤት እንዳታመጣው፤ እዚህ ብልጭታ አለ። ቀለሁን ለካ፣ ከአፉ ወደ ላይ የሚታየውን አረር ለካ፣ ጠቅላላ ቁመቷን ለካ። ሥሯ ላይ የተጻፈውንም አንብብ። ከዚያ እዚህ ጻፈው። አትነቅንቃት፣ አትፍታት፣ በምንም አትጫናት።

የሆጤዋ ነርስ — ረቡዕ፣ ቀን 7፡05

ስለ ፍንዳታው ሁላችሁም አወራችሁ። ስለ እርሳሱ ማንም አላነሳም። የካፕሱሉ ቅመም አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ አለበት፤ አረሩም ሲቀልጥ ይተንናል፣ አቧራው ይቀራል። የቤት ውስጥ ሞዪ ልብሱን ሳይቀይር ልጁን ያቅፋል። እርሳስ ደግሞ ሕፃን ላይ ይጠነክራል፤ አእምሮው ላይ ነው የሚሠራው፣ ቶሎም አይታይም። የቡና ትሪ ላይ ደረደርኳቸው ያልከው ልጅ፣ ትሪውን በሳሙና እጠበው። እጅህንም። እናትህ ነገ ቡና ልታቀርብበት ነው እኮ።

የጦሳ ሥር — ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

እሺ እታለም፣ አጥቤዋለሁ። እናቴም ቀድማ አይታ ጮኻብኛለች።

ካሊፐሩ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰኝ፣ ቶርኖ አላህ ይስጥልኝ። ያየሁትን እንዳለ ልጻፍ።

አምስቱ ቡናማ ቀለም የተቀባ ብረት ናቸው። ሥራቸው ላይ 38 እና 86 ይላል። ከአምስቱ ሁለቱ ካፕሱላቸው መሐል ላይ ትንሽ ጎድጓዳ አላቸው፣ በመርፌ የተነካ የሚመስል።

አራቱ ቢጫ ናቸው። ቀለሁ 18 ሚሊ አካባቢ ነው። ግን ሥራቸው ላይ ያለው ጽሑፍ 9×19 ይላል። አረሩ 9.0 ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ሦስቱም ቢጫ ናቸው፣ ጽሑፋቸው ግን ሌላ ነው፣ በትክክል ለማካሮቭ የተሠሩ ይመስሉኛል። ቀለሁም ትክክል 18 ነው። ጠቅላላ ቁመታቸው ግን አንዷ 24.8፣ አንዷ 24.1፣ አንዷ 23.3። አጭሯን ሳገላብጣት አውራ ጣቴ አረሯ ላይ ዐረፈ። ይቅርታ አሥር አለቃ፣ ሳላስበው ነው። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባች። ወላሂ ገባች። ከሦስቱ የአንዷ ካፕሱል ደግሞ ወጣ ያለ ነው፤ ጣቴን ሳሳልፍባት እንደ ጠጠር ትነካኛለች።

ቶርኖ ኮምቦልቻ — ረቡዕ፣ ማታ 1፡41

አራቱ የተቆረጡ ናቸው። የፓራቤለም ቀለህ 19.15 ነው። ማሳጠር ብቻ ነው ያደረጉት። ሥሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ግን ቶርኖ አያጠፋውም።

ሰኞ ገበያ ዴንቨር — ረቡዕ፣ ማታ 2፡20

እዚህም 9×19 አሳጥሮ ለማካሮቭ የሚሞላ አለ፤ ሥራው በራሱ ያልተሰማ አይደለም። ግን የሚያውቀው ሰው 9.27 አረር ገዝቶ ነው የሚጭንበት። የእናንተ ሰውዬ የፓራቤለሙን አረር ነው የመለሰበት። ያ አረር በማካሮቭ አፈሙዝ ውስጥ ይንቀለቀላል። የአፈሙዙ የውስጥ ጥርስ በደንብ አይዘውም፣ አይሽከረከርም፣ ዒላማው ላይ በጎኑ የሚደርስበት ጊዜ አለ። አባትህ ሌባ ላይ ቢተኩስ የጎረቤት መስኮት ነው የሚያገኘው።

ሦስቱ ይበልጥ ያስፈሩኛል። ወደ ውስጥ የገባችው አረር። ቀለሁ ውስጥ ያለው ቦታ ሲጠብብ ያው ባሩድ ግፊቱ በጣም ይጨምራል። በተቀባበለች ቁጥር ደግሞ የበለጠ ትገባለች፤ አባትህ ማታ ማታ አቀባብሎ ጧት የሚያወጣ ከሆነ ያችኑ አንዷን ጥይት በየቀኑ እየደቆሳት ነው ማለት ነው። ይህ ለፋብሪካ ጥይትም ይሠራል፣ ልብ በሉ። ካፕሱሏ የወጣችው ደግሞ ገና ሽፋኑ ሲዘጋ፣ ምላጭ ሳይሳብ ልትባርቅ ትችላለች። ወይም ትከሽፋለች። የቱ እንደሆነ አስቀድሞ አይታወቅም።

አሥር አለቃ ጡረታ — ረቡዕ፣ ማታ 2፡55

38 የሶቭየት ፋብሪካ ቁጥር ነው፣ ዩሪዩዛን የሚባል ከተማ። 86 የተሠሩበት ዓመት ነው፣ 1986 እ.ኤ.አ.። እነዚያ አምስቱ ተሞልተው አያውቁም፤ ፋብሪካ እንደሠራቸው ናቸው። ታዲያ ሁለቱ ለምን ጎደጎዱ? ተተኩሰው የከሸፉ ናቸው ልጄ። አንድ ሰው ቃታ ስቦባቸው እምቢ ብለውት፣ አውጥቶ ጠርጎ መልሶ ሸጣቸው። ሳቅኩ መጀመሪያ፣ ከዚያ ተናደድኩ።

ለአሮጌ ጥይት አንድ ምክር ላንሳ፣ ስለተነሳ። የምሥራቁ የድሮ ጥይት ብዙው ካፕሱሉ ሲቃጠል ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ ርጥበት ይስባል። በኮምቦልቻ ሙቀት አንድ ሳምንት ይታገሥህ ይሆናል፤ በደሴ ጉም በማግሥቱ አፈሙዙ ቀይ ነው። ዘይት ጨው አያሟሟም። መጀመሪያ ትኩስ ውኃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ብዙ ሰው ዘይቱን ብቻ ቀብቶ «ጠርጌዋለሁ» ይላል።

አሁን ስለ እነዚህ አሥራ ሁለቱ። እሳት ውስጥ የለም። ሽንት ቤት የለም። ቦርከና ወንዝ የለም። ለቆራሌ የለም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችንን ሲያልፍ የቀረውን ቀለህ ልጆች ሲለቅሙ አይታችኋል፤ በውስጡ ያልተተኮሰ ተቀላቅሎ ቆራሌው መዶሻ ሲያነሳ ደርሼ ያስቆምኩበት ቀን አለኝ። በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ሽጉጡን ቤት ትተህ፣ ከአባትህ ጋር ፈቃዱን ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። በር ላይ ቀድማችሁ ተናገሩ። ኪስህ አስገብተህ ገብተህ «ጥይት አለኝ» እንዳትል።

ውጅግራ — ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

እሺ። የጥቁር ባሩዱን ነገር አላውቀውም ነበር። የተቆረጠውን ቀለህ ካነበብኩ በኋላማ ምን እላለሁ። ግን ጥያቄዬ አለ፤ አምቦ አጠገብ ሆሚቾ የሚያህል የጥይት ፋብሪካ ያለው አገር ላይ ፈቃድ ያለው ሰው አሥር ፍሬ በወጉ የሚገዛበት ቦታ ለምን ይቸግረዋል? ሰውዬውን ባቲ ላይ ያቆመው ይህ ነው።

ሀረጎ ቁልቁለት — ረቡዕ፣ ማታ 3፡38

ይህን ጥያቄ ጣቢያው በር ላይ እንዳትጠይቀው ብቻ።

ሰኞ ገበያ ዴንቨር — ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

ውጅግራ እውነቱን ነው። ፈቃድ ሰጥተህ ጥይቱን ካላቀረብክ ሰው የባቲውን ያገኛል። የባቲውን ግን አያስመርጠኝም። አንድ የቀረ ነገር፤ ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩ፣ ኋላ አፈሙዛቸው የተለወጠ የቱርክ ሽጉጦች በየቦታው አሉ። እነሱ ላይማ የፋብሪካ ጥይትም አደጋ ነው። ብረታቸው የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ያንን ግፊት እንዲችል አልተሠራም። የሚያነብ ካለ ብዬ ነው።

የጦሳ ሥር — ዓርብ፣ ማታ 2፡10

ሁለት ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

አባቴን ለማሳመን ያሰብኩትን ያህል አልከበደኝም። ያስጨነቀኝን ሁሉ አላነበብኩለትም። ሁለቱን የከሸፉትን ብቻ አሳየሁት፣ በባትሪ። መነጽሩን አድርጎ ጎድጓዳዋን ለረጅም ጊዜ አያት። «ይህችን እኮ ሰው ተኩሷታል» አለ። «ሌላ ሰው የጣላትን ነው የገዛሁት?» ነጋዴ ነው፤ ጣቱን ሊያጣ ከመቻሉ ይልቅ መታለሉ አመመው።

ትናንት ጧት ሄድን። በር ላይ ነገርን፣ እንደተባልነው። ምን ያህል ሰዓት እንደፈጀ አልናገርም። ከየት እንደተገዛ ተጠየቅን፣ ጻፍን፣ ፈረምን። ጨርቁን የፈታው ልጅ አራቱን የተቆረጡትን ለይቶ ለጓደኛው አሳየው፤ ሳንነግረው ነው ያወቃቸው። አባቴ ደግሞ ሳላስበው አረንጓዴዎቹን አምስቱንም ከኪሱ አወጣ። ከኪሱ! አሥር አለቃ፣ ይቅር ይበሉን። በሩ ላይ የነገርነው ስለ አሥራ ሁለቱ ብቻ ነበር።

በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት ማመልከቻ አስገብተናል። «ይጠራችኋል» ተብለናል። ባቲውን ሰው ሰኞ ሄዶ ገንዘቡን ሊያስመልስ አስቧል፤ ሰውዬው እዚያ ይጠብቀው ይመስል።

ካሊፐሩን ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እልከዋለሁ፣ ቶርኖ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሻችን ጮኸ። አባቴ ባትሪና ዱላ ይዞ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። የጎረቤት አህያ ናት፣ ገመዷን በጥሳ ገብስ ጆንያ ላይ ቆማለች።

ሀረጎ ቁልቁለት — ዓርብ፣ ማታ 2፡14

እንኳን አህያዋን አልተኮሳችኋት።